ሰዓቱ የአይሱዙው ነው

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ማይኩን የያዝኩት በጓንት ነው።

ባለፈው ከጫጫ በሳይክል ስመለስ አንድ የጫነ አይሱዙ ቀደመኝ። ከኋላው ጥግት አልኩ። ፊቴን ሲገርፈኝ የነበረው ንፋስ ጭጭ አለ። ፔዳሉ ቅልል አለኝ። የቀረው የናፍጣው ጭስ ብቻ ነው። (እንዳትሞክሩት! ድንገት ፍሬን ቢይዝ አልቆልኝ ነበር።) ቤት ስገባ የገባሁበትን ሰዓት ለጓደኛዬ በኩራት አሳየሁት። አየት አደረገና «ይሄማ የአይሱዙው ሰዓት ነው» አለኝ።

አናደደኝ። ግን እውነቱን ነው።

ትራያትሎን ውስጥ ያለው ጭቅጭቅም ይኸው ነው። ረጅሙ ውድድር 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን ነው። በፈረንጆቹ 2022 ጀርመን ውስጥ ኖርዌያዊው ክርስቲያን ብሉመንፌልት ይህን ሁሉ በ6:44:25 ጨረሰው። ግን ንፋስ የሚሰብሩለት አሯሯጮች ነበሩት። በተለመደው ረጅም ውድድር ከፊትህ ያለው ሳይክል ጀርባ ከተለጠፍክ ትቀጣለህ። ስለዚህ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አልተያዘለትም። ትክክል ነው፤ አይሱዙ ነበረው።

መብራቱስ? በሩጫ መም ጠርዝ ላይ እየበራ ለሯጩ ፍጥነት የሚያሳየው? እሱ ንፋስ አይከልልም፣ እግርም አይሆንም። እዚህ ላይ እኛንም ልታዘበን። በ2020 ቫሌንሲያ ላይ ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ10 ሺህ ክብረ ወሰን ከ26:17.53 ወደ 26:11.00 ሲያወርደው «መብራት ነው የሮጠለት» አልን። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም፣ በዚያው መብራት ለተሰንበት 5 ሺህን በ14:06.62 ስትገባ ግን «ጀግና!» ብለን ጮህን። እንዴት ነው ነገሩ?

ለእኔ መብራት ከአይሱዙ ይለያል። ግን አንድ ነገር ይወስድብሃል፦ ግምትህን። የዚሁ አገር ልጅ፣ የጃቶው አበበ ቢቂላ፣ በፈረንጆቹ 1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ 26 ቁጥር የለበሰ ሞሮኳዊ ጠብቅ ተብሎ ነበር ይባላል። ሞሮኳዊው ራዲ ግን 185 ለብሶ አጠገቡ ይሮጥ ነበር። አበበ 26ን እየፈለገ፣ ማን አጠገቡ እንዳለ ሳያውቅ፣ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። ያንን አለማወቅ እወደዋለሁ።

ቅዳሜ ያንኑ የጫጫ መንገድ እደግመዋለሁ። የእጅ ሰዓቴ ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። አይሱዙ ከመጣ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ።