ከማን ጋር ይበላል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንኳን ለወላጆች ቀን አደረሳችሁ። ስለ ውጤት ርዕሰ መምህሩ ተናግረዋል። እኔ የማነሣው የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬን ነገር ነው። ዕድሜዋ 12 ነው። ስሟን አልጠራም፤ ይህን ጽሑፍ ግን አስቀድማ አንብባ ፈቅዳልኛለች።

መስከረም ላይ ተማሪዎቼን በተራ እያስነሣሁ የአባታቸውን ሥራ ጠየቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይጠየቅም። እሷም እንደ ብዙዎቹ «ነጋዴ» ብላ ተቀመጠች። ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር አገኘኋት። አባቷ የደንገሉን ነዶ በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን ሲስቡ፣ እሷ ጫፉን ይዛ ታጠብቃለች። ታንኳ እየሠሩ ነበር። ስታየኝ እርጥብ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች።

ሰኞ ዕለት ቀድማኝ መጣች። «እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩብኝ» አለችኝ። አምና የቅርብ ጓደኛዋ፣ ተማሪዬ ነገደ ወይጦ ከሚባለው የጣና ዳር ማኅበረሰብ መሆኗን ስትሰማ፣ ከምሳ ዕቃዋ መቁረስ አቆመች። ያቺም ልጅ ክፉ ሆና አይመስለኝም፤ ሌሎቹ እንዳይርቋት ፈርታ ነው። በዚህ ዕድሜ ብቻ መቅረትን የመሰለ ፍርሃት የለም።

ወላጆች ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች የጣና ጥንታዊ ነዋሪዎች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሞተር ጀልባ ሳይመጣ እህሉንም መነኩሴውንም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ያሻገረው የደንገል ታንኳ ነው። አያቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበር «ከእነሱ ጋር አይበላም» ተባለ። አደኑ ቀረ፤ ንቀቱ ግን እስከ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ ድረስ ወረደ። ይህን ቃል እኛ መምህራን በሰሌዳ ላይ አልጻፍነውም። ልጆቹ የሚሰሙት ቤት ውስጥ፣ ማዕድ ላይ፣ ከእኛ አፍ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጆቻችሁን ከማን ጋር እንደሚበሉ፣ ከማን ጋርስ እንደማይበሉና ለምን እንደ ሆነ ጠይቋቸው። መልሱ ቢያሳፍራችሁም እስከ መጨረሻው ስሟቸው።

ተማሪዬ ይህን ጽሑፍ ስታነብ «ነጋዴ» የሚለው ቃል ላይ ቆመች። እንዳወጣው የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «ይኑር፤ ግን አባቴ እዚህ ከሚሰማው አስቀድሜ እኔ ልንገረው» አለችኝ።

ትናንት ማታ ነግራቸዋለች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋትም።

አመሰግናለሁ።