ሬቲንግ 800 ላይ ሆኖ ቼዝ መማር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቼዝ ነው፤ ስለ ታላላቆቹ ሳይሆን ስልኩ ላይ ስለሚጫወተው፣ ሬቲንጉ፣ ማለትም የጥንካሬ ነጥቡ፣ 600 ወይም 800 ላይ ተቸክሎ አልነቃነቅ ስላለው ተጫዋች። እኔም እዚያው መንደር ነኝ፤ ስለራሳችን ነው የማወራው።

ሰሞኑን አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጅ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ቁጭ ብሏል። ሰሌዳው ስለታየኝ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጨዋታው እስኪያልቅ ጠበቅኩት። ተሸነፈ። ከዚያ ዞር አለና «ተዉት ጋሼ፣ ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም። አንዱን ካሸነፍኩ አንዱን እሸነፋለሁ፣ ያው እዚያው ነኝ» አለኝ። አፑን ሊያጠፋው ነው። ይህን ክፍል የምቀዳው በዚህች ንግግር ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ቼዝን የሚተወው በዚህችው ምክንያት ስለሆነ ከልቤ ያሳዝነኛል።

እስቲ ሬቲንግ ምን እንደሆነ እንመልከት። ስሌቱን ያወጣው አርፓድ ኤሎ የሚባል ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የፊዚክስ መምህር ነው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በፈረንጆቹ 1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 ተቀበሉት። ዛሬ በየስልካችን ያሉት መጫወቻዎች ከዚሁ የተወለዱ ስሌቶችን ነው የሚጠቀሙት። ሥራው የሁለት ተጫዋቾችን ነጥብ አስተያይቶ ማን ምን ያህል ሊያሸንፍ እንደሚችል መገመት ነው። በ200 ነጥብ ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር ብትገጥሙ ከአራት ጨዋታ የአንዱን ያህል ነጥብ ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 400 ከሆነ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። እኩያችሁ ከሆነ ደግሞ ግማሽ በግማሽ።

እንግዲህ ኦንላይን ላይ «ተጫወት» የምትለዋን ስትነኩ የሚመጣላችሁ ማን ነው? እኩያችሁ ነው። ስታሸንፉ ትንሽ የሚከብድ ይመጣል፣ ስትሸነፉ ትንሽ የሚቀል። ስለዚህ 800 ያለውም፣ 2000 ያለውም ከጨዋታው ግማሹን ያህል ይሸነፋል። ልጁ «አንዱን አሸንፌ አንዱን እሸነፋለሁ» ሲለኝ እየነገረኝ ያለው ስሌቱ ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን ነበር። ይህንን አስረድቼው ስልኩን መልሶ አወጣ። በነገራችን ላይ የአንዱን መጫወቻ ድረ ገጽ ቁጥር ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ሊቼስ አዲስ ሰው ሲመዘገብ 1500 ሰጥቶ ነው የሚያስጀምረው፤ ቼስ ዶት ኮም ላይ ደግሞ ስትገቡ ጀማሪ ነኝ ካላችሁ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ጓደኛችሁ «እኔ 1300 ነኝ» ቢላችሁ መጀመሪያ የት ብላችሁ ጠይቁት።

ታዲያ ግማሹን መሸነፋችን ካልቀረ መሻሻላችንን በምን እናውቃለን? እኔ እንደማምነው፣ በሚያይ ዓይን ነው። በኛ ደረጃ ጨዋታ የሚወሰነው በጥልቅ ስልት አይደለም። ጠባቂ የሌለው ፈረስ ሜዳ ላይ ተትቶ ይበላል፣ ንግሥት ሳትታይ ትሄዳለች፣ በቃ። ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ብለን የምንቆጥረውን ሒሳብ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚጎድለው ተቃዋሚያችን አሁን ያንቀሳቀሰው ነገር ምን ፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ከልጁ ጋር የቆዩ ጨዋታዎቹን ስንመለከት አንዱን ከፈትነው። እሱ ጥቁር ነው። ነጩ የንጉሡን ወታደር ኢ4 ላይ አወጣ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚያሳየው)፣ እሱም ኢ5 መለሰ። ነጩ ንግሥቲቱን ገና በሁለተኛው እርምጃ ኤች5 ድረስ ላካት፤ እሱ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ወታደሩን ጠበቀ። ጎበዝ። ነጩ ቢሾፑን ሲ4 ላይ አስቀመጠ። አሁን ልጁ የኤች5ዋን ንግሥት ያያል፣ ሌላኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ ቢያወጣው ንግሥቲቱን እንደሚያስፈራራ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ያወጣዋል። ንግሥቲቱ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በላች፤ ማት፣ ንጉሡ ማምለጫ የለውም። አራት እርምጃ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ሁሉ እዚህ አለ። ኤፍ7 በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለው ቦታ ነው። ንግሥቲቱም ቢሾፑም ያነጣጠሩት እሱ ላይ ነው። ንጉሡ ንግሥቲቱን መልሶ እንዳይበላት ቢሾፑ ከኋላዋ ደግፏታል። የልጁ ፈረስ አወጣጥ በራሱ ጊዜ ጥሩ እርምጃ ነበር፤ ግን ቢሾፑ ለምን ሲ4 መጣ ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ ጂ7 ላይ ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ ወደ ጂ6 ገፍቶ መንገዷን ይዘጋባት፣ እሷንም ያስነሳት ነበር። ወደ ኤፍ3 ተመልሳ እንደገና ኤፍ7ን ብታይ፣ ያኔ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ ማውጣት። ያው እርምጃ ነው፣ አንድ ዙር ዘግይቶ። ነጩ ንግሥቲቱን ሁለት ጊዜ ሲያመላልስ ጥቁሩ ሁለት ፈረስ አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ተመችቶት ይጫወታል።

ይህ ባላጋራን የማየት ነገር ለኛ አገር አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ መጀመሪያ ወረራ የሚባል ነገር ነበር። የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደልባቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጆቹ 1971፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ይህን ጽፈውታል። አስቡት፣ ተራ በሌለበት ዓይናችሁ ከራሳችሁ ሰልፍ ይልቅ የወዲያኛው ሰልፍ ላይ ነው የሚውለው። ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር አለ፤ ንጉሡን በየትኛውም ተዋጊ ማሸነፍ እኩል ክብር አልነበረውም፣ በትንንሾቹ ማሸነፍ ይበልጥ ያስከብር ነበር። የዛሬው ቼዝ ሕጉ ሌላ ነው፤ በንግሥቲቱ ቦታ የነበረችው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት አትበርም ነበር። ቢሆንም ልጆቻችን ይህን ጨዋታ ከውጭ የመጣ ብቻ አድርገው ሲያዩት ይቆጨኛል።

ወደ ስልካችን እንመለስ። የሦስት ደቂቃና የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ለጊዜው ተዉት። ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የምታጠነክሩት ያላችሁን ልማድ ነው፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ። አሥር ደቂቃ፣ ከተቻለ አሥራ አምስት ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው አሥር ሰከንድ የሚጨመርበት። ደግሞ ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ባቡር ላይ ቆማችሁ አትጫወቱ፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሰዓቱ አይጠብቃችሁም። መንገድ ላይ ፐዝል፣ ማለትም ትክክለኛውን እርምጃ የምትፈልጉበት የቼዝ እንቆቅልሽ፣ ይሻላል። እሱም ቢሆን እየገመቱ መነካካት አይጠቅምም፤ እስከ መጨረሻው በዓይናችሁ ሄዳችሁ፣ የሚመልሰውን አይታችሁ፣ ከዚያ ንኩ። አምስት ፐዝል እንዲህ መሥራት ከሃምሳ ግምት ይበልጣል።

ጨዋታ ሲያልቅ ወዲያው ቀጣዩን አትጫኑ። በተለይ ስትሸነፉ። ኮምፒውተሩን ከማብራታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው የተለወጠው?» ብላችሁ ራሳችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ አስመርምሩት። ሊቼስ ላይ ይህ ሁሉ በነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም፤ ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው ትልቅ ነገር ነው። የጨዋታ መክፈቻ እርምጃዎችን በቃል ማጥናቱ ይቆይላችሁ። መሐሉን በወታደር ያዙ፣ ፈረሶቹንና ቢሾፖቹን አውጡ፣ ካስሊንግ አድርጋችሁ፣ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ አዛውራችሁ፣ ንጉሡን አስጠልሉ፤ ለኛ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ተማሩ፣ አጨራረስ። ንግሥት ይዞ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ። ልጁ ሁለት ያለቀለት ጨዋታ አቻ የወጣው ይህን ባለማወቁ ነው፤ እጁ ውስጥ የገባ ድል። ንጉሡ ጥግ ላይ ኤ8 ሆኖ፣ ንግሥታችሁ ሲ7 ላይ ብታርፍና ተራው የሱ ቢሆን መሄጃ የለውም፣ ቼክም አይደለም፣ ማለትም ንጉሡ በቀጥታ አልተጠቃም፤ ስቴልሜት፣ እኩል ለእኩል። መፍትሔው ቀላል ነው። ንግሥታችሁን ከንጉሡ የፈረስ ዝላይ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና በሄደበት ተከተሉት፤ ራሱ ወደ ዳር ይሄድላችኋል። ጥጉ ውስጥ ሲገባ ግን መከተሉን አቁሙ። ንግሥቲቱን በዳሩ ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ እሱ ወዲያ ወዲህ የሚልባቸው ሁለት ቦታዎች ትታችሁለት አቁሟት፣ የራሳችሁን ንጉሥ አምጡ፣ ከዚያ ማት።

ሊቼስ ላይ ይህን አቀማመጥ ሠርታችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር መለማመድ ትችላላችሁ። ሳታስቡት እጃችሁ እስኪለምደው ደጋግሙት። በሚቀጥለው ክፍል ንግሥቲቱን አውጥተን በሩክ እንሞክረዋለን፤ እሱ ትንሽ ይረዝማል፣ ሰሌዳ ካላችሁ ይዛችሁ ጠብቁኝ።