«እኔስ እወደዋለሁ፤ ሰው ግን አይመርጠውም»

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን መራጮች የተደረገ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ዩኒፎርማችሁን ሳትቀይሩ የተቀመጣችሁትን ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ስለዚህ አላንዛዛም። ዓመቱንና ወሩን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ እሱን ከአሁኑ ያዙልኝ።

የዛሬው ጉዳዬ አንዲት አባባል ናት። በየአራት ዓመቱ፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ እሰማታለሁ። እኔም ብያታለሁ። «እኔስ እወደዋለሁ፤ ሰው ግን አይመርጠውም።»

በ2007 መጨረሻ ታክሲ እነዳ ነበር። የምኖረው ያኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነበር። ሬገን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ብርዱ አያስቆምም፤ አንዱ መኪና ውስጥ አራት አምስት ሆነን እንገባና ክርክር ነው። የዴሞክራቶች ዕጩ ማን ይሁን፣ ኦባማ ወይስ ሂላሪ ክሊንተን? ልቤ ከኦባማ ጋር ነበር። አባቱ ኬንያዊ፣ የጎረቤታችን ልጅ። አፌ ግን ከሂላሪ ጋር ነበር። «ነጮቹ በዚህ ስም ሰው አይመርጡም፤ ድምፃችንን አናባክን» እል ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሰልችቶት በክትፎ እንወራረድ አለኝ። ተወራረድን።

በ2008 ጃንዋሪ 3 ከሁሉም ግዛት ቀድማ አዮዋ መረጠች። ከ10 ሰው 9ኙ ነጭ የሆነባት ግዛት ናት። የዴሞክራቶቹ አመራረጥ ደግሞ በምስጢር አልነበረም። ሰው ትምህርት ቤትና አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ጎረቤቱ እያየው፣ በደገፈው ዕጩ በኩል ይቆማል። ኦባማ 38 ከመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሂላሪ ሦስተኛ ሆነች።

ክትፎውን ከፈልኩ። ያንገበገበኝ ግን የክትፎው ሒሳብ አይደለም። እኔ አዮዋን ረግጬ አላውቅም። አንድ የአዮዋ ገበሬ ስሙን ጥራ ብትሉኝ አልጠራም። ታዲያ ወራቱን ሙሉ እሱን ወክዬ ስከራከር የነበረው ማን ውክልና ሰጥቶኝ ነው?

ፈረንጆቹ ይህን ነገር «ኤሌክተቢሊቲ» ይሉታል። የመመረጥ ዕድል እንደ ማለት ነው። እኔ ግን እኛ ቤት የሚቀርበው ቃል ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ሰው ምን ይል ይሆን ብሎ የራስን ፍላጎት ማጠፍ። የሚገርመው፣ የምንፈራው «ሰው» ሁልጊዜ እዚያ ማዶ ያለ፣ አግኝተነው የማናውቀው ሰው ነው።

እኔ ብቻ አልነበርኩም። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንም እስከዚያ ድረስ ከክሊንተን ጋር ነበሩ። ኦባማን ጠልተው አልነበረም። ነጩ ይመርጠዋል ብለው አላመኑም። አዮዋ ከመረጠች ከ23 ቀን በኋላ ሳውዝ ካሮላይና ስትመርጥ ኦባማ 55 ከመቶ፣ ክሊንተን 27 ከመቶ አገኙ። በ23 ቀን ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። ንግግሩም ያው ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ የነበረው ግምት ግን ተገለበጠ። ፌብሩዋሪ 12 ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአንድ ቀን ሲመርጡ እኔም ኦባማን መረጥኩ። ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። አዮዋ ስለፈቀደችልኝ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ምርጫዎች ለዩልኝ። ፕራይመሪው፣ ማለት ቅድመ ምርጫው፣ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበት ነው። የኖቬምበሩ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ የሚወድህም የሚጠላህም ይመጣል። በ2016 በሁለቱም ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የወጣው ሰው አንድ ላይ ተደምሮ መምረጥ ከሚችለው ሲሦ አይሞላም ነበር። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «ሰፈሩ ማንን ይወዳል?» ብሎ ይገምታል ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ዘመድ ሰፈሩን አያውቀውም።

አንዳንዴ ጭራሽ ግድም አይሰጠውም። በ1964 ሪፐብሊካኖች ባሪ ጎልድዋተርን አቀረቡ። የልባቸው ሰው ነበር። ኖቬምበር ላይ 6 ግዛት ብቻ አሸነፈ። በ1972 ዴሞክራቶች ተራቸው ደረሰ። «ያሸንፋል» የተባለው ኤድመንድ መስኪ በቅድመ ምርጫው ወደቀና የቬትናም ጦርነትን አጥብቆ የተቃወመው ጆርጅ መክገቨርን ዕጩ ሆነ። ሪቻርድ ኒክሰን 49 ግዛት ወሰደበት። ለመክገቨርን የቀሩለት ማሳቹሴትስና ይቺ ጎረቤታችን ዲሲ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ያሸንፋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞኝ ነው አልልም። ጥያቄውን የተማረው ከእነዚህ ሁለት ቁስሎች ነው።

ግን በ1980 ምን ሆነ? ሮናልድ ሬገን 69 ዓመቱ ነው። አርጅቷል፣ ቀኝ ዘመም አብዝቷል፣ የፊልም ተዋናይ ነው ተባለ። የራሱ ፓርቲ ሰው፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ሳይቀር፣ አያሸንፍም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ሰዎችም ተቀናቃኝ ሆኖ ሬገን ቢመጣልን እንወዳለን ብለው ነበር። መጣላቸው። 44 ግዛት ጠራርጎ ወሰደ። አሁን እኔ በ2007 ኦባማ አይመረጥም እያልኩ የተከራከርኩት የት ተቀምጬ እንደነበር አስታውሱ። ሬገን ኤርፖርት! አይመረጥም በተባለ ሰው ስም በተሰየመ ግቢ ውስጥ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ትንሽም የሚያስቀኝ፣ የ2004ቱ ነው። የቨርሞንት ገዢ የነበረው ሃዋርድ ዲን የኢራቅን ጦርነት ገና ከጅምሩ ተቃወመ። ወጣቱ አበደለት። ከአዮዋ በፊት የሚመራው እሱ ነበር። ከዚያ ዴሞክራቶቹ ማስላት ጀመሩ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው። ጆርጅ ቡሽ የጦር አዛዥ ነኝ እያለ ይቀርባል። ስለዚህ እኛም የጦር ሜዳ ጀግና ያስፈልገናል። ጆን ኬሪ ቬትናም ተዋግቷል፣ ሜዳሊያ አለው። አዮዋ ላይ ኬሪ 38 ከመቶ፣ ዲን 18 ከመቶ። ያኔ አንድ ቀልድ ነበረች፤ መኪና ላይ ሁሉ ትለጠፍ ነበር። «ከዲን ጋር ፍቅር ያዘኝ፣ ኬሪን አገባሁት» የምትል ዓይነት ናት። እኛ አገርም ይህን ጋብቻ እናውቀዋለን። ልብ አንዱ ጋ ነው፣ ሽማግሌ የሚላከው ሌላው ጋ ነው። ለምን ቢሉ፣ ቤተሰብ ስለሚያከብረው።

ከዚያስ? ያሸንፍበታል የተባለው ያ የቬትናም ታሪኩ ራሱ መመቻው ሆነ። ሌሎች የቬትናም ዘማቾች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እየወጡ ታሪኩን አጠለሹት። ኬሪ ኦሃዮን 118,000 ገደማ በሚሆን ድምፅ አጣ፤ ፕሬዚዳንትነቱም አብሮ ሄደ። ዲን ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር ማለቴ አይደለም። ምናልባት በባሰ ይሸነፍ ነበር። ግን ሰው የሚወደውን ትቶ «ሰው የሚወደውን» ሲመርጥ ሁለቱንም የሚያጣበት ጊዜ አለ።

በ2016 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ዶናልድ ትራምፕ ያገኘው 32 ከመቶ ተኩል ነው። ደንቡ ግን 50ዎቹንም ልዑካን፣ ማለት በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡትን፣ ሰጠው። የቀረው ድምፅ ለብዙ ዕጩ ተበጣጠሰ። በጠቅላላው ቅድመ ምርጫ እንኳ 45 ከመቶ ገደማ ነው ያገኘው። ይሄ በኖቬምበር አበቃለት ያላለ ተንታኝ ጥቂት ነው። ኖቬምበር ላይ በአገር አቀፍ ድምፅ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ተበልጦ፣ ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬኒያን በድምሩ 78,000 በማይሞላ ልዩነት ወስዶ ዋይት ሐውስ ገባ። የሰፈሩ ሁሉ ምርጫ ነው አልኳችሁ እንጂ፣ ፕሬዚዳንቱ የሚለየው በየግዛቱ ውጤት ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር የተወሰኑ ግዛቶች ምርጫ ነው።

ግምቱ የሠመረበትም አለ። በ2020 ጆ ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ከዚያ የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ከጎኑ ቆመ። የዚያ ግዛት ጥቁር መራጭ፣ በተለይ እናቶቹ፣ ማን ትራምፕን እንደሚጥል አስልተው ባይደንን አነሱት። በሦስተኛው ቀን፣ ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት ሱፐር ቱስዴይ ላይ፣ ከ14 ግዛት 10ሩን ወሰደ። ተሳክቶላቸው አሸነፈ። ግን አሪዞና፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ላይ የበለጠው በድምሩ 43,000 ገደማ ነው። ጆርጂያ ላይ 11,779 ድምፅ ነው የለየው። አትላንታ ዙሪያ ስንት ሐበሻ እንዳለ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የሕዝብ አስተያየት ጥናቱን ተከተል የሚሉኝ አሉ። በ2024 በሪፐብሊካኖቹ ቅድመ ምርጫ ትራምፕን የተፎካከረችው ኒኪ ሄሊ «ባይደንን ከትራምፕ የበለጠ የማሸንፈው እኔ ነኝ» ብላ ጥናቶቹን እያሳየች ዞረች። ሪፐብሊካኖች አልሰሟትም፤ ትራምፕን አቅርበው አሸነፉ። ከወራት በፊት የሚወጣ ጥናት የሚነግርህ ያልተመታ ሰው ምን እንደሚመስል ነው። ያልተፈተነ ተማሪ ሁሉ ጎበዝ ነው።

ቨርጂኒያዎች፣ የ2021ዱን የገዢ ምርጫ ታስታውሳላችሁ። ሪፐብሊካኖች በዚያ ዓመት ቅድመ ምርጫውን ተዉትና በጉባኤ፣ ዕጩዎችን በደረጃ በማስቀመጥ መረጡ። በትንሽ ድምፅ አንደኛ የሚወጣ፣ ሰፈሩ ግን የማይፈልገው ዕጩ እንዳይመጣባቸው ብዙዎቹ ሰግተው ነበር። ግሌን ያንግኪን ወጣና በ2 ነጥብ ገደማ አሸነፈ። በዚያ ምርጫ እኛ ሐበሾች በኢትዮጵያ ጉዳይ የተነሳ እስክንኮራረፍ ተከራክረናል። ዛሬ እሱን አልከፍተውም። አንዳንዶቻችን ገና አልታረቅንም።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። «አይመረጥም» የሚለው ቃል በማን ላይ ቶሎ እንደሚለጠፍ አስተውሉ። ሴት ላይ፣ ጥቁር ላይ፣ ስሙ ለምላስ የሚከብድ ሰው ላይ። ጋምቤላ ተወልዶ ኬንያ በስደተኛ መጠለያ ያደገው ኦባላ ኦባላ በ2020 ኦስቲን፣ ሚኒሶታ ለከተማ ምክር ቤት ተወዳደረ። የሥጋ ፋብሪካ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ አብዛኛው ነዋሪ ነጭ ነው። ተመረጠ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁ «ልወዳደር» ብሎት «ተው ልጄ፣ ስምህን እንኳ አይጠሩትም» ያለ አባት አለ። ስሙን አልናገርም፤ ከኋላ ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ እናንተ በፓርቲ አትመዘገቡም። ቅድመ ምርጫ ቀን ትሄዱና የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ትጠይቃላችሁ። ሜሪላንድ ግን እንደዚያ አይደለም። የዴሞክራቱን የሚመርጠው ዴሞክራት ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ የሪፐብሊካኑን ሪፐብሊካን ሆኖ የተመዘገበ ነው። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ደግሞ እስከ ምርጫው 3 ሳምንት ሲቀረው ድረስ ነው።

እኔ ወደ ሜሪላንድ ስዛወር «ከማንም ወገን አይደለሁም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ነገር ላለማብዛት ብዬ ነው። በ2016 ኤፕሪል ከአንድ ሰዓት በላይ ተሠልፌ፣ ማን ያሸንፋል፣ ማን አያሸንፍም እያልኩ ከፊትና ከኋላዬ ካለው ሰው ጋር ስሟገት ቆይቼ ተራዬ ደረሰ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ሂላሪም፣ ተፎካካሪዋ በርኒ ሳንደርስም፣ ትራምፕም የሉም። የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ብቻ ናቸው። ማንንም አላውቅም። ዝም ብዬ አጠቆርኩና ወጣሁ።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ልጆች የሜሪላንድን ቅጽ ይዘዋል። ፓርቲ የሚለውን ሳጥን ሳታነቡ አትለፉት። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሸተተኝ።