የራም ፍጥነትና ሬሾ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5600 ነው። ራሜን ከ3600 ወደ 4000 ከፍ ባደርገው የጌሙ ፍጥነት ጭራሽ ቀነሰብኝ። ለምን?

ይህች ጥያቄ ሳትመጣ የምትቀርበት ሳምንት የለም። 3600 የተባለው ራም ትክክለኛ ምቱ 1800 ሜጋኸርዝ ነው። በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ባንተ ፕሮሰሰር ላይ ራሙ፣ ራሙን የሚያዘው የሜሞሪ ኮንትሮለርና ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባለው የውስጥ መስመር በ1 ለ1 ሬሾ፣ ማለትም በእኩል ምት፣ ሲሄዱ ነው የሚያምርባቸው። ፋብሪኩ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1900 በላይ አይዘልቅም። ራሙ 2000 ሲደርስበት ማዘርቦርዱ ኮንትሮለሩን በግማሽ ወደ 1000 ያወርደዋል። ያኔ እያንዳንዱ የዳታ ጥያቄ መልሱ ይዘገያል፤ ጌም ደግሞ ቶሎ መልስ ይፈልጋል። ወደ 3600 መልሰው። ወንድሜ፣ ከቁጥሩ በፊት ሬሾውን እይ።

ጥያቄ፦ ኢንቴል ላይ ጊር 1 ይሻላል ጊር 2?

የራምሽ ትውልድ ዲዲአር4 ከሆነ ጊር 1፣ ማለትም ኮንትሮለሩ ከራሙ ጋር 1 ለ1። ዲዲአር5 ላይ ጊር 2፣ ማለትም ኮንትሮለሩ በራሙ ግማሽ ምት፣ የተለመደ ነው፤ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ 3200 ሲኤል16 ልግዛ ወይስ 3600 ሲኤል18?

ሲኤል ማለት ራሙ መልስ እስኪሰጥ የሚያልፈው የምት ብዛት ነው፤ በናኖሰከንድ ሲሰላ ሁለቱም 10 ናቸው። 1 ለ1 ከያዘልህ 3600ውን።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮር 2 ፕሮሰሰር አለኝ። ኤፍኤስቢውን (ፕሮሰሰሩን ከቀረው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ከ266 ወደ 333 ሳሳድገው ዲዲአር2 800 ራሜ አልችል አለ።

የኤፍኤስቢውና የራሙ ሬሾ 2 ለ3 ላይ ስለተተወ ነው። ኤፍኤስቢው 333 ሲሆን የራሙን ምት ወደ 500፣ ማለትም ራሙን እስከ 1000 ጎትቶታል። 5 ለ6 ያድርጉት፤ ወደ 800 ይመለሳል። 1 ለ1 ቢያደርጉትም ብዙ አይጎዳዎትም፤ ያኔም ባለሁለት ቻናል (በሁለት መስመር አብሮ የሚሠራ) ራም ኤፍኤስቢውን ይሞላዋል። እዚህም ሬሾው ይቅደም።

ጥያቄ፦ ቮልቴጁን ጨምሬ 1 ለ1 አስያዝኩት። ዊንዶውስ ተከፍቷል፣ የቢሮ ሥራዬንም እየሠራሁበት ነው። ቴስት ማድረግ የግድ ነው?

አዎ፣ የግድ ነው! ዊንዶውስ ተከፈተ ማለት ራሙ ደህና ነው ማለት አይደለም። በጣም የምፈራው ኮምፒውተሩ ሲዘጋ አይደለም፤ ያ ቢያንስ ይታያል። የምፈራው ሳይዘጋ ሲሳሳት ነው። አንዲት ቢት ትገለበጣለች፣ አንተም ፋይሉን ሴቭ ታደርጋለህ። ከወር በኋላ ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይከፈታል፣ ዚፑ አልፈታም ይላል። ባክአፕህም የተበላሸውን ቅጂ ይዞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሰው። ፋይሎችህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ከዚያ እንደገና ስትሞክር ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስተህ ሌሊቱን አሳድረው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ አልሆነም ማለት ነው፤ “አንድ ብቻ ነው” የሚባል ነገር የለም። ቮልቴጁን ደግሞ እንዲሁ አትቆልለው። የዲዲአር4 መነሻ 1.2 ቮልት ነው፤ የኤክስኤምፒ (አምራቹ ያዘጋጀው የፍጥነት ሴቲንግ ያላቸው) ኪቶች በብዛት 1.35 ላይ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ለመሄድ የራምህን መግለጫ ሳታነብ እንዳትነካው።

ጥያቄ፦ ሬሾውን ከቀየርኩ ወዲህ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሲሞሱንም (የማዘርቦርዱን ሴቲንግ መያዣ) አጽድቻለሁ።

አንዱን ራም ብቻ ሰክተሽ ሞክሪ። እሱም ካልሠራ በቃ፣ ከዚህ በላይ አትነካኪው። ወደ ባለሙያ ውሰጂው፤ ምን ምን እንደቀየርሽም ሳትደብቂ ንገሪው።