ያረጀ ሠላሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ወር ስብሰባችን ሊበተን ሲል በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። አንዱ ወንድማችን «የቤዝቦል ቡድናችን ያንን ሽማግሌ መቺ ይስጥና ሁለት ልጅ እግር ፒቸሮች ያምጣ» አለ። ሌላው «አበድክ እንዴ?» አለው። መኪናቸው ድረስ እየተነታረኩ ሄዱ። የመቺውን ስም አልጠራም፤ ከጠራሁ ዛሬም እራት አንበላም።

አዘጋጆቹ «አንተ ቤዝቦል ታውቃለህ፣ ተናገር» አሉኝ። ያወቅኩት ዲሲ መሃል ከተማ፣ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ከእኔ ጋር የነበረው አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ ልልመድበት ብዬ ከፈትኩት፤ ኳስ ሲያወራ ያመሻል። በስድስት ወር ውስጥ እንግሊዝኛዬ ያው ነው፣ እኔ ግን የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደጋፊ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ለማትከታተሉት ባጭሩ። በእግር ኳስ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ብር ይከፍላል። በቤዝቦል ግን ብዙውን ጊዜ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው፤ ትሬድ ይሉታል። መቺው ዱላ ይዞ ኳሷን ይጠብቃል፤ አጥር አሻግሮ ከላካት ሆም ራን ነው። ፒቸር ኳሷን የሚወረውርለት ሰው ነው። መቺው በየቀኑ ይሰለፋል። ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ግን ዛሬ ከወረወረ ለቀናት ክንዱን ያሳርፋል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ለፒቸር ከተለወጠባቸው ጊዜያት ሁለቱን እነግራችኋለሁ፤ አንዴ በ30 ዓመቱ፣ አንዴ በ36 ዓመቱ። ፍራንክ ሮቢንሰን ይባላል።

ሮቢንሰን ለሲንሲናቲ ሬድስ አሥር ዓመት ተጫውቷል። በ1956፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 38 ሆም ራን መታ። በ1961 ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች የአንዱ፣ የናሽናል ሊግ፣ ኮከብ ተባለ፤ ቡድኑንም ለወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ለሁለቱ ሊግ አሸናፊዎች የፍጻሜ ግጥሚያ፣ አደረሰ። በ1965 እንኳን 33 ሆም ራን ነበረው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ በኛ እንዳትቆጥሩብኝ።

ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ሲንሲናቲ ይሄን ሰው ለባልቲሞር ሰጠው። በምትኩ ሦስት ሰው መጣ። ዋናው ሚልት ፓፓስ የሚባል የ26 ዓመት ፒቸር ነው። ሁለተኛው ጃክ ባልድሹን፣ እሱም ፒቸር። ሦስተኛው ዲክ ሲምፕሰን፣ ገና ልጅ የሆነ የሜዳ ተጫዋች። የክለቡ አለቃ ቢል ዴዊት «ለምን?» ሲባል ሮቢንሰን ወጣት ሠላሳ አይደለም አለ። ሰው እስከ ዛሬ «ያረጀ ሠላሳ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

እስቲ አስቡት፣ በሠላሳ ዓመት! በኛ አገር እኮ ገና እናቱ ሚስት የምትፈልግለት ልጅ ነው።

ግን ዴዊትን ቶሎ እንዳትስቁበት። እኔም ስቄበት ነበር፣ በኋላ ሳየው ያን ያህል ሞኝ አልነበረም። በ1965 ሲንሲናቲ ከሊጉ ሁሉ በላይ ነጥብ ያገባ ቡድን ነው። የሚያፈሰው በፒቸሮቹ በኩል ነው። ጣሪያህ የሚያፈስ ከሆነ ከበሬዎችህ አንዱን ሸጠህ ቆርቆሮ ትገዛለህ። ፓፓስም ዝም ብሎ ተስፋ የሚጣልበት ልጅ አልነበረም፤ ለባልቲሞር 110 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። በወረቀት ላይ ሂሳቡ ይሰራል።

ከዚያ 1966 መጣ።

መጀመሪያ ግን ቤት። የሮቢንሰን ቤተሰብ ባልቲሞር ሲደርስ፣ ጥቁር በመሆናቸው ቤት ለማግኘት መከራቸውን አዩ። ስለ ትሬድ ስናወራ ሰውን እንደ ካርታ ከዚህ ወደዚያ እንጥለዋለን። ሚስትና ልጅ ይዞ ባዕድ ከተማ ገብቶ ቤት መለመን ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ዘመን ተጫዋች «አልሄድም» የማለት መብት እንኳን አልነበረውም።

ሜይ 8 ቀን ከክሊቭላንድ ጋር ይጫወታሉ። ወርዋሪው ሉዊስ ቲያንት ነው። ሮቢንሰን ኳሷን መታት። በግራ በኩል አጥሩን አለፈች፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን መቀመጫ አለፈች፣ ስታዲየሙን ለቃ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ወደቀች። ተንከባላ ስትቆም ከ160 ሜትር በላይ ርቃለች። እኔ የመኪና ማቆሚያ ሰው ስለሆንኩ ይሄን ታሪክ ለብቻው እወደዋለሁ፤ የማን መስታወት ይሆን ያመለጠው እላለሁ። ከዚያ ሜዳ ሙሉ በሙሉ ኳስ ያወጣ ሌላ ተጫዋች የለም። ክለቡ ኳሷ ባለፈችበት ቦታ ባንዲራ ሰቀለ። ባንዲራው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የተጻፈው፦ «እዚህ»። ኦሪዮልስ በ1991 ያንን ስታዲየም እስኪለቅ ድረስ ባንዲራው እዚያው ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ያረጀው ሠላሳ በሆም ራን አንደኛ፣ 49። ቡድኑን ነጥብ በማስገባት አንደኛ፣ 122። በምት አማካይ አንደኛ፣ .316። ሦስቱንም ባንድ ዓመት የጠቀለለ ሰው ትሪፕል ክራውን ወሰደ ይባላል። የአሜሪካን ሊግ ኮከብም ሆነ። በሁለቱም ሊግ ኮከብ የተባለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ባልቲሞርም በታሪኩ የመጀመሪያውን ወርልድ ሲሪስ የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን አራት ጨዋታ ለዜሮ ጠራርጎ በላ።

ሲንሲናቲ ደግሞ? ሰባተኛ ወጣ። ፓፓስ 12 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ማንም ባንዲራ አይሰቅልለትም። በ1968 እሱንም ለአትላንታ ሰጡት። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄው ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋውና «አየህ፣ ትልቁን መቺ አትስጥ» ይላል። እኔ አልስማማም። ያንን ወርልድ ሲሪስ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዶጀርስ ከመጀመሪያው ጨዋታ አጋማሽ ጀምሮ በተከታታይ 33 ኢኒንግ አንድም ነጥብ አላገባም፤ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ 21 ዓመት ያልሞላው ጂም ፓልመር የዘመኑን ታላቅ ፒቸር ሳንዲ ኩፋክስን ረታ። ሦስተኛውን የ21 ዓመቱ ዋሊ ባንከር 1 ለ 0 ዘጋው። አራተኛውን የ23 ዓመቱ ዴቭ ማክናሊ እንዲሁ 1 ለ 0። የዚያች አንድ ነጥብ ባለቤት ማን ይመስላችኋል? ሮቢንሰን፣ በሆም ራን።

አሁን ገባችሁ? ባልቲሞር ፓፓስን የሰጠው ጎተራው ሙሉ ስለነበር ነው። ከፓፓስ ኋላ ሦስት ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። የተረፈውን ሰጥቶ የጎደለውን ወሰደ። ሲንሲናቲ የጎደለውን ለመሙላት ብሎ ምሰሶውን ነቀለ። ከዕድሜው በፊት ጎተራው መታየት ነበረበት ባይ ነኝ።

ስለ ወጣት ፒቸር ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ዋሊ ባንከር በ1964፣ በ19 ዓመቱ፣ 19 ጨዋታ አሸንፏል። ከዚያ ክንዱ ታመመ። በ26 ዓመቱ ከትልቁ ሊግ ወጣ። ፓልመርንም ከዚያ ወርልድ ሲሪስ በኋላ ክንዱ ሁለት ዓመት ያህል አሰናከለው፤ እሱ ግን ተመልሶ 268 ጨዋታ አሸነፈ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ክለብ፣ አንድ ዓይነት ሕመም። ማንኛው እንደሚመለስ በ1966 ማን ያውቅ ነበር? ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ነው የምትመጣው፦ ያ ክንድ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ቀናት የሚያርፈው ወዶ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ፒቸር ብቻ ተቀብሎ ትልቅ መቺ የሚሰጥ ክለብ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆንበት። ሦስት ቢቀበል አንዱ ይደርስለት ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትሬድ። ዲሴምበር 1971። ሮቢንሰን 36 ሞልቶታል። በዚያ ዓመት 28 ሆም ራን መትቷል፤ አልደከመም። ግን ባልቲሞር ውስጥ ዶን ቤይለር የሚባል የ22 ዓመት መቺ በር ላይ ቆሟል። ክለቡ ሮቢንሰንን ከአንድ ፒቸር ጋር አድርጎ ለዶጀርስ ሰጠ። ከተቀበላቸው አራት ወጣቶች መካከል ዶይል አሌክሳንደር የሚባል የ21 ዓመት ፒቸር ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ወገን ከሰረ ብትሉ ያስኬዳል። ሮቢንሰን በሎስ አንጀለስ .251 ብቻ መታ፣ ዓመት ቆይቶ ሄደ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ወርልድ ሲሪስ የገባው ባልቲሞርም በ1972 ከምድቡ ሦስተኛ ወጣ።

ታሪኩ ግን አላለቀም። በ1976 ባልቲሞር አሌክሳንደርን ከሌሎች ጋር ጠቅልሎ ለኒው ዮርኩ ያንኪስ ሰጠ። ከያንኪስ ከመጡት ውስጥ ሪክ ዴምፕሲ፣ ቲፒ ማርቲኔዝና ስኮት ማክግሬገር የሚባሉ ነበሩ። በ1983 ባልቲሞር ወርልድ ሲሪስ ሲበላ የመጨረሻውን ጨዋታ 5 ለ 0 የዘጋው ማክግሬገር ነው። የዚያ ወርልድ ሲሪስ ኮከብ ዴምፕሲ ነው። ከሮቢንሰን መሄድ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ያንን ትሬድ በ1972 ብፈርድበት ኖሮ ቢሮ ድረስ ሄጄ እሳደብ ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ወር በር ላይ ለተነታረካችሁት ወንድሞቼ መልሴ ይሄ ነው። ያ መቺያችሁ ሠላሳ ከሆነና ከኋላው የሚተካው ከሌለ፣ ለሁለት ፒቸር አልሰጠውም። ሠላሳ ስድስት ከሆነ፣ ተተኪው ደግሞ ዱላውን ይዞ ከቆመ፣ እሰጠዋለሁ። ግን ሁለት ሳይሆን አራት ልጅ እጠይቃለሁ፤ የእያንዳንዱንም የክንድ ራጅ ሳላይ አልፈርምም።

ሮቢንሰንን እኔ በዓይኔ ያየሁት በ2005 ነው። ናሽናልስ የሚባለው ቡድን ዋሽንግተን ሲመጣ የመጀመሪያው አሠልጣኝ እሱ ነበር፤ ሰባኛ ዓመቱ ላይ ነበር። አርኤፍኬ ስታዲየም ርካሹ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙም አይታይም። ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ ወርዋሪው ደክሞበት ሊቀይረው ቀስ እያለ ወደ ሜዳው መሃል ይራመዳል። ልጁ ኳሷን አስረከበው። ሽማግሌው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገና ሌላ ልጅ ጠራ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ እናንተ ሁለታችሁ ግን መጨረሻ ላይ።