51 እና 60፦ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለምን አይሻሻልም?

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ ቡና ቤት በር ላይ።]

ጤና ይስጥልን ወገኖች። ከደብረ ብርሃን ነን። ብርዱ እንደወትሮው ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ከአንኮበርም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከመሐል ሜዳም የሚመጣልን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «አሜሪካ አዋጅ አወጣች አሉ፣ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ልታባርር ነው?» ይላል አንዱ። «ምሕረት ወጣ አሉ፣ እውነት ነው?» ይላል ሌላው። ሁለቱም ቲክቶክ ላይ ያዩትን ነው የሚጠይቁን። ልጁ ወይም ወንድሙ እዚያ ያለ ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ዛሬ የምናየው አንድ ነገር ነው። አሜሪካ ሰው ይዞ ለመመለስ የሚውል ገንዘብ ሲሆን ቶሎ ትመድባለች። ወረቀት ለሌለው በሰፊው ወረቀት መስጠት ሲሆን ግን ከ1986 ወዲህ አቅቷታል። ለምን? (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው።)

[ምስል፦ ካፒቶል ሕንፃ፣ ከዚያ የአይስ መኪና።]

መጀመሪያ ያዡን እንወቀው። አይስ የሚባለው መሥሪያ ቤት የቆየ ይመስላል እንጂ ገና የ2003 ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት የሚሰጠውም ሰው የሚይዘውም አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ኮንግረሱ (ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት ያሉት ሕግ አውጪ) በ2002 አዋጅ አውጥቶ ለሦስት ከፈለው። አንዱ ማመልከቻ ያያል፣ ሌላው ድንበርና ኤርፖርት ይጠብቃል፣ ሦስተኛው፣ ማለትም አይስ፣ አገር ውስጥ ገብቶ ይይዛል። ፕሬዚዳንት ሲቀየር ማን ቀድሞ ይያዝ የሚለው ይቀየራል። መሥሪያ ቤቱን ራሱን ማፍረስ ወይም አዲስ ልጓም ማበጀት ግን የኮንግረስ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የኢሚግሬሽን ዳኛ የሚባለው እንደ ሌላው የፌዴራል ዳኛ ነፃ አይደለም፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው። አለቃው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ናቸው፣ ውሳኔውንም ሊሽሩት ይችላሉ። ጠበቃም ቢሆን በራስህ ገንዘብ ነው። በወንጀል ተከሶ አቅም ለሌለው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ለኢሚግሬሽን ተከሳሽ ግን ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሕፃን ልጅ ቢሆንም።

[ምስል፦ የአንድ ቅጽ ግርጌ፣ የፊርማ ቦታው ጎልቶ።]

እስቲ ይህን ወረቀት ጠጋ ብላችሁ እዩት። አይስ ሰው ሲይዝ የሚያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ነው። ፊርማው የማን ነው? የዳኛ አይደለም። የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። በዚህ ፊርማ የሰው ቤት ያስገባል ወይስ አያስገባም የሚለው ነገር ብዙ ያሟግታል። አሁን ይሻሻል ከሚባለው አንዱ ይኸው ነው፤ ቤት ለመግባት የዳኛ ፊርማ ግዴታ ይሁን፣ መኮንኖቹ ፊታቸውን አይሸፍኑ፣ ደረታቸው ላይ ካሜራ ይኑር የሚሉ ሐሳቦች ይቀርባሉ።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በ1996 ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው።

አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ እንውሰድ። በቪዛ ሄደ፣ ቪዛው አለፈበት፣ ቀረ። አሳይለም አልጠየቀም። (የጠየቀ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።) በሕጉ መሠረት ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ኖሮ ከአገር ከወጣ፣ ለ3 ዓመት ተመልሶ አይገባም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ደግሞ 10 ዓመት። ልብ በሉ፣ ቅጣቱ የሚጀምረው ሲወጣ ነው። ሕጉ የተጻፈው ሰው ፈርቶ ቶሎ እንዲመለስ ተብሎ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የወጣ ስለማይመለስ፣ ያለው እዚያው ተቀመጠ። እናቱ ብትሞት ለለቅሶ አይመጣም። ለእህቱ ሠርግ «ሥራ በዛብኝ» ይላል። እዚህ ደግሞ «ከሄደ ወዲህ ረሳን» እየተባለ ይታማል።

መፍትሔ የሚመስል አንድ የቆየ አንቀጽ አለ። ለረጅም ዓመት የኖረ፣ ጠባዩም የተመሰከረለት ሰው ተመዝግቦ ግሪን ካርድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጥሩ አይደል? ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ከጥር 1 ቀን 1972 በፊት የገባ መሆን አለበት። በእኛ ታኅሣሥ 1964 ማለት ነው፤ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ነበሩ! ይህን ቀን ያስቀመጠው የ1986ቱ ሕግ ነው። ያኔ ሬገን ፈርመው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ወረቀት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የነካው የለም።

[ምስል፦ ሁለት ቁጥሮች፣ 51 እና 60።]

አንድ ቀን መቀየር ምን ይከብዳል? እዚህ ላይ ነው ቁጥሮቹ የሚመጡት።

የሰፈራችሁን እድር አስቡ። ድንኳን ለመግዛት ግማሽ ሲደመር አንድ ሰው እጅ ካወጣ ያልቃል። መተዳደሪያ ደንቡን ለመቀየር ግን ከዚያ የበለጠ ሰው መስማማት አለበት። 100 አባላት ያሉት የአሜሪካ ሴኔትም እንደዚያ ነው። ተራ ሕግ ሲሆን ክርክሩን ዘግቶ ድምፅ ለመስጠት 60 ሰው ያስፈልጋል። ገንዘብ ብቻ የሚነካ የበጀት ሕግ ሲሆን ግን በልዩ መንገድ በ51 ያልፋል።

አሁን ታሪኩን በዚህ መነጽር እዩት።

በ2013 ሴኔቱ ሰፊ የማሻሻያ ሕግ በ68 ለ32 አሳለፈ። ለድንበር ብዙ ጥበቃ፣ ላሉት ደግሞ ወደ ዜግነት የሚያደርስ ረጅም መንገድ ነበረው። 60ን አልፏል ማለት ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን ለድምፅ እንኳን ሳያቀርበው ሞተ።

በ2021 ዴሞክራቶች በ51ዱ በር ለመግባት ሞከሩ። ከሐሳቦቻቸው አንዱ ያንን የ1972 ቀን ወደ 2010 ማምጣት ነበር። የሴኔቱን ሥነ ሥርዓት የሚተረጉሙት ኤሊዛቤት ማክዶና ይህ የፖሊሲ ለውጥ እንጂ የበጀት ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱት። ሦስት ጊዜ ተሞከረ፣ ሦስቴም አልሆነም።

በየካቲት 2024 ሁለቱም ፓርቲዎች የተደራደሩበት የድንበር ሕግ መጣ። 60 አላገኘም፤ 50 እንኳን አልሞላም።

በ2025ስ? ሪፐብሊካኖች ገንዘብ ይዘው መጡ። ሴኔቱ 50 ለ50 ሆነ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ 51ኛውን ድምፅ ሰጡ፣ ትራምፕ ሐምሌ 4 ፈረሙ። ለአይስ ብቻ 75 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ ለማቆያ ቦታ። ለበርካታ ዓመታት የሚሆን ነው እርግጥ፣ ግን የመሥሪያ ቤቱ መደበኛ የዓመት በጀት 10 ቢሊዮን ገደማ ነበር።

አያችሁ? አልጋና መኮንን «ገንዘብ» ነው፣ በ51 ያልፋል። ወረቀት «ደንብ» ነው፣ 60 ይጠይቃል። ማጥበቅ ጠባብ አብላጫ ላለው ሁሉ ክፍት ሲሆን፣ ማስተካከል ግን ከተቃዋሚ ጋር መስማማትን ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ነገሩ ከፓርቲዎቹ ጠብ ይልቅ በዚህ የቁጥር አሠራር ይበልጥ ይገባኛል።

ቲፒኤስን፣ ማለትም አገሩ በጦርነት ወይም በአደጋ ላለ ሰው የሚሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ፣ የጠየቃችሁን አልረሳናችሁም። ዲቪንም ቲፒኤስንም የወለደው የ1990 ሕግ ነው። ልዩነቱ ቲፒኤስን ለየትኛው አገር፣ እስከ መቼ የሚለው ለሚኒስትር መተዉ ነው። ቢበዛ በ18 ወር በ18 ወር ይታደሳል። ለኢትዮጵያውያን በታኅሣሥ 2022 ሲሰጥ ኮንግረስ አልመከረበትም፤ ለመንሣትም ኮንግረስ አያስፈልግም።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ «አዲስ ሕግ!» የሚል።]

ስለዚህ «አዲስ ሕግ» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር አጣሩ። ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ? አንድ ተወካይ ረቂቅ ስላቀረበ ሕግ ወጣ ማለት አይደለም፤ ሰባት ዓመት የኖረ ሁሉ ግሪን ካርድ ይጠይቅ የሚል ረቂቅ በተደጋጋሚ ቀርቦ አላለፈም። ሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ሰጥተውበታል? ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት የምክር ቤት ሕግ ነው ወይስ የራሳቸው ትእዛዝ?

ኬዝ ያለበት ዘመድ ካላችሁ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያናግር፣ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል የሰፈር ደላላ አይደለም። ምሕረት ወጣ ብሎ የምዝገባ ብር ላኩ የሚላችሁ ከመጣ ደግሞ፣ ከመላካችሁ በፊት «ሴኔት ላይ ስንት ድምፅ አገኘ?» በሉት።