ሰርጀሪ እገባለሁ ስትል የትኛውን?

ዮናስ፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው የራሴ ጉዳይ ነው። ሁለት ዓመት በጂፒነት፣ ማለትም በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቼ አሁን ለሬዚደንሲ፣ ለስፔሻሊስትነት ሥልጠናው ፈተና እያነበብኩ ነው። ሰርጀሪ እንደምገባ ቆርጫለሁ፣ የትኛው ሰርጀሪ እንደሆነ ግን ገና አልለየልኝም። ሄለን የጀነራል ሰርጀሪ ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ናት፣ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ዲዩቲ አድራ ነው የመጣችው።

ሄለን፦ አድሬ ነው፣ ግን ይሄ ርዕስ እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም። እስቲ መጀመሪያ ንገረኝ፣ ለምን ሰርጀሪ?

ዮናስ፦ ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም እያለሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አባት ከገጠር መጡ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ አንጀታቸው ተጠማዞ ሦስት ቀን ሙሉ አየር እንኳ አልወጣቸውም። ሬዚደንቱ ከታች ቱቦ ሲያስገባ እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። አየሩ እየተንፏፏ ወጣ፣ ሆዳቸው ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። «እፎይ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። እኔ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

ሄለን፦ ቮልቩለስ! እውነቱን ልንገርህ፣ ጀነራል ሰርጀሪ እዚህ አገር ያው እሱ ነው። የተጠማዘዘ አንጀት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ እንቅርት፣ ዘግይቶ የመጣ የጡት ካንሰር። ያችን ሌሊት ለመቶኛ ጊዜም ብትደግማት የማትሰለችህ ከሆነ ቦታህ ነው። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ በዓመት አንዴ የሚመጣውን ኦፕሬሽን አይቶ ይመርጥና ሲገባ ውሎ አዳሩ ከሌላ ሥራ ጋር ይሆናል።

ዮናስ፦ ኒውሮሰርጀሪም፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምናው፣ እኮ ልቤን ይስበዋል።

ሄለን፦ ግሩም ሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሥልጠናውን ሲጀምር አገር ውስጥ የነበሩት የነርቭ ሰርጀኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ዛሬ እዚሁ የሠለጠኑት ክልል ድረስ ይሠራሉ። ግን የአንጎል ዕጢ ብቻ እንዳይታይህ። ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረ፣ ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ከእናቶቻቸው ጋር ቁጭ ብለህ ማውራት ካልቻልክ ይከብድሃል።

ዮናስ፦ ኦርቶስ፣ የአጥንቱ?

ሄለን፦ ኦርቶ የመኪና አደጋ ነው፣ ሚስማርና ብረት ነው። ደግሞም ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረበት ልጅ ይመጣልሃል። ስትፈታው ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ቀዝቅዘዋል። እጁ እንደሚቆረጥ ለአባቱ የምትነግረው አንተ ነህ። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባልም ውበት ብቻ ለሚመስለው ሰው የካቲት 12 የቃጠሎ ክፍል ገብቶ ይይ እላለሁ፣ የሚጥል በሽታ ይዟቸው ምድጃ ላይ የወደቁ ሰዎች አሉ።

ዮናስ፦ እሺ፣ ቦታውስ? ሁሉም ጥቁር አንበሳ ይላል።

ሄለን፦ ስሙ የተገባው ነው፣ ከየአገሩ ሪፈር የሚባል ከባድ ኬዝ እዚያ ይደርሳል። ጳውሎስም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ነው። እንደ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ያለ የ5 ዓመት ሥልጠና ያለበትም አለ። ግን አንተ ስም አትጠይቅ፣ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ፈልገህ ሎግቡኩን፣ የሠራቸውን ኦፕሬሽኖች የሚመዘግብበትን ደብተር፣ አሳየኝ በለው። ስንት ሆድ ራሱ ከፈተ? ስንቱ ላይ ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን ሪትራክተር ይዞ ብቻ ቆመ? ከዚያ ደግሞ፣ ሌሊት ሲኒየር፣ ኃላፊው ሰርጀን፣ ሲጠራ ይመጣል ወይ?

ዮናስ፦ የመጨረሻዋ ከልብሽ ነው የወጣችው።

ሄለን፦ አዎ። ኢንተርን የሆንኩበት ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ሬዚደንቱ ሆድ ከፍቶ የሚደማው ከየት እንደሆነ ጠፋው። ሲኒየሩ ጋ ሲደውል እኔ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤለታለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በሽተኛው ተረፈ። ግን የሬዚደንቱን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። እንደዚያ ሆኖ መማር አይቻልም።

ዮናስ፦ ስፖንሰሩን፣ ሥልጠና የሚልከኝን መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ጨርሶ አላሰብኩበትም፣ ውጤቴ ይምጣ እንጂ ክፍት ያገኘሁትን እሞላለሁ ብዬ ነበር።

ሄለን፦ እንዳታደርገው! ስፖንሰር ያደረገህ መሥሪያ ቤት እኮ ስትጨርስ ተመልሰህ የምታገለግልበት ነው። ኒውሮሰርጀን ሆነህ ሲቲ ስካን የሌለበት ብትመለስ ምን ትሠራለህ? ከመሙላትህ በፊት ደውል። ማደንዘዣ ሰጪ ስንት አላችሁ? ደም ከየት ነው የምታገኙት? ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው ኦቶክሌቩ ይሠራል? ካልሠራ ደግሞ ሁሌ ይቅር የሚባል ቦታ ነው ማለት አይደለም፣ ሰርጀን አጥቶ ሰው የሚሞትበት ከተማ ሄዶ ክፍሉን ከዜሮ ያቆመ ሰው አውቃለሁ። ግን አውቆ ነው የሄደው።

ዮናስ፦ አንቺንስ ሴት ነሽ ብሎ የመከረሽ የለም?

ሄለን፦ አክስቴ፣ «ሕፃናት ሐኪም አይሻልሽም ወይ የኔ ልጅ፣ ትዳርሽስ?» አለችኝ። ለእኔ አዝና ነው፣ አልተቀየምኳትም። ሰርጀሪን የሚፈልጉ ሴት ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ እኔን ያጸናችኝ ከአጠገቤ ሆና እጄን እየያዘች ቋጠሮ ያስተማረችኝ ሴት ሲኒየር ናት። እንደ እሷ ያለች ሰው ያለችበትን ፈልጉ።

ዮናስ፦ እኔ አሁን ምን ላድርግ?

ሄለን፦ ቅዳሜ ዲዩቲ ነኝ። ኃላፊዬን አስፈቅጄልህ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ና። ግን ደስ የሚለውን ኦፕሬሽን አይተህ እኩለ ሌሊት እንዳትሄድብኝ፣ በሽተኞቹን እየዞርን እስከምናይበት እስከ ጠዋቱ ራውንድ ቆይ።

ዮናስ፦ እመጣለሁ። እራት ይዤልሽ ልምጣ?

ሄለን፦ ሽሮ ይዘህ ና፣ ለነርሶቹም የሚበቃ።